ጨርቁ ሲያንስ ሰውዬው አይቆረጥም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

በድሬዳዋ፣ መጋላ በሚባለው ሰፈር ልብስ ሰፊ ነኝ። ስለ ኳስ የምጽፍልዎ ተንታኝ ሆኜ ሳይሆን ሜትር ከአንገቴ የማይወርድ ሰው ስለሆንኩ ነው። በሙያዬ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶኛል፤ ሰው ገና በሱቄ በር ሲገባ የትከሻውን ልክ በዓይኔ እገምታለሁ፤ ከአንድ ሴንቲሜትር በላይ ብዙም አልሳሳትም። ይህን የምለው ልመጻደቅ አይደለም። ቀጥዬ የማወራው ሁሉ የልክ ጉዳይ ስለሆነ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ኳስ የማይበት አንድ የከተማችን ሜዳ ለወራት ተዘግቶ ሲታደስ ቆይቶ ተከፈተ። ስሙን አልጠራም፤ ማንንም ለማሳጣት አይደለም የምጽፈው፤ ነገ ወንበር በሚገጠምበት በሌላውም ሜዳ ይኸው ሊደገም ይችላል ብዬ ነው። መጸዳጃ ቤቱ አምሯል፤ ውኃም አለው፤ አጥሩ ተቀብቷል። ምስጋና ይገባል። የድሮውን መጸዳጃ የሚያውቅ ሰው ምስጋናዬ ከልብ እንደሆነ ይረዳኛል።

ቀድሞ የምንቀመጠው በባዶ የሲሚንቶ ደረጃ ላይ ነበር። ድሬ ቆላ ናት፤ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ብቻ ነው ከፍታዋ፤ ከሰዓት በኋላ ሲሚንቶው የተጣደ ምጣድ ይሆናል። ስለዚህ በሩ ላይ ከልጆች ካርቶን ገዝተን እንገባለን፤ ሽርጥ ያገለደመም ጫፉን አጠፍ አድርጎ ይቀመጥበታል። መደገፊያ የሚባል ነገር አልነበረም። መደገፊያችን ከኋላችን የተቀመጠው ሰው ጉልበት ነበር። የማላውቀው ሰው ጉልበት ላይ ተደግፌ ዘጠና ደቂቃ አይቼ፣ ሲያልቅ ዞር ብዬ «አቦ፣ ተባረክ» ብዬው የወጣሁበትን ጊዜ ቆጥሬ አልጨርሰውም። እግር ሲደነዝዝ ወደ ጎን ይዘረጋል። ወፈር ያለ ሰው ሲመጣ ጠጋ ጠጋ እንላለን። ልጅ ያለው ልጁን ከፊቱ ያስቀምጣል። ደረጃው መሥመር ስላልተሰመረበት እያንዳንዱ በሰውነቱ ልክ ይቀመጥ ነበር።

አሁን በዚያው ደረጃ ላይ መደገፊያ ያላቸው የፕላስቲክ ወንበሮች በብሎን ታስረዋል። በመጀመሪያው ቀን በሩ ላይ ቆሞ ፎቶ ያልተነሳ ሰው የለም፤ እኔም ተነስቻለሁ። ከዚያ ገብተን ተቀመጥን። ጉልበቴ ከፊት ያለውን መደገፊያ ነካ፤ ወደ ግራ ላዙረው ብል የጎረቤቴ ጉልበት ቦታውን ቀድሞ ይዞታል፤ ወደ ቀኝም እንዲሁ። እግሬን ከወንበሩ ሥር ልክተት ብል የሚያስገባ ክፍተት የለም። ጨዋታው በተጀመረ በሃያኛው ደቂቃ ከጭኔ በታች ያለውን ሰውነቴን የተዋስኩት መስሎ ተሰማኝ።

ባለፈው እሑድ ቀደም ብዬ ገባሁና ሜትሬን ከኪሴ አወጣሁ። ከአንዱ መደገፊያ እስከ ቀጣዩ መደገፊያ 68 ሴንቲሜትር። አላመንኩም፤ ሦስት ቦታ ላይ ለካሁ፤ እንዲያውም አንዱ ጋ 67 ነው። የአንዱ ወንበር ወርድ ደግሞ 42። ከኋላዬ የተቀመጠ አንድ ጎረምሳ «ጋሼ፣ ለወንበሩ ሱሪ ሊሰፉለት ነው?» አለኝና ረድፉ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ነገር ግን ያ 42 ከአእምሮዬ አልወጣም፤ ምክንያቱም ኮት ስሰፋ የአዋቂ ወንድ ትከሻ ከስፌት እስከ ስፌት አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣልኝ 45፣ 46፣ 47 ነው። 42 የምቆርጠው ለተማሪ ልጅ ነው። እንግዲህ አንድ ረድፍ በአዋቂ ሲሞላ ትከሻ በትከሻ ላይ መደረቡ የግድ ነው። ሰዉም መላ አበጅቷል፤ አንዱ ወደ ፊት ያጎነብሳል፣ ቀጣዩ ወደ ኋላ ይለጠፋል፣ ሦስተኛው ደግሞ ወደ ፊት። ከላይኛው ረድፍ ሆኖ ቁልቁል ለሚያይ የመጋዝ ጥርስ ይመስላል። ወደ ኋላ የተለጠፉት ሜዳው ስለማይታያቸው የማዕዘን ምት በመጣ ቁጥር «አሁን ተራው የእኛ ነው» ይላሉ፤ መጋዙ ይገለበጣል።

ፊፋ ስታዲየም ለሚሠሩና ለሚያድሱ በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው የቴክኒክ ምክር ከመደገፊያ እስከ መደገፊያ ቢያንስ 85 ሴንቲሜትር እንዲኖር፣ የመደገፊያው ቁመትም ከ30 ሴንቲሜትር እንዳያንስ ብሎ ነበር። የእኛ አዳሾች ሁለተኛውን አክብረዋል፤ መደገፊያው ከ30 እንዲያውም ይበልጣል። የመጀመሪያው ላይ 17 ሴንቲሜትር ጎደለ። 17 ሴንቲሜትር ማለት ስንዝር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው፤ የሰው ጉልበት ደግሞ የሚያርፈው በዚያች ስንዝር ውስጥ ነው።

ጥፋቱን ወንበሩ ላይ አልጥልም። ያ ደረጃ ሲሠራ አንድ ቀን ወንበር ይመጣበታል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ሰው ጠርዙ ላይ ተቀምጦ እግሩን ከታች ባለው ደረጃ ላይ፣ ከፊተኛው ሰው ጀርባ ሥር ያሳርፍ ነበር፤ ለእንዲህ ያለው አቀማመጥ 68 ይበቃል። ወንበር ሲገጠም ግን መቀመጫም እግርም በአንዱ ደረጃ ላይ መዋል አለባቸው፤ ቀድሞ የሰው ጀርባ የነበረበት ቦታ፣ ገፋ ሲያደርጉት እሺ ይል የነበረው፣ አሁን የማይነቃነቅ ፕላስቲክ ሆኗል። ሲሚንቶው ያው ነው፤ የተቀየረው በላዩ የተጫነው ነው።

ይህንኑ ጉዳዩ ይመለከተዋል ወደተባለ ሰው ቢሮ ሄጄ አስረዳሁ። በትሕትና አዳመጠኝ፤ ሻይም አዘዘልኝ፤ አልክድም። መልሱ አንድ ዐረፍተ ነገር ነበረች፦ «ረድፍ ከቀነስን እኮ የመቀመጫው ቁጥር ይወርዳል።» ለካ የተቆጠረው ወንበር ነው፤ ተቀማጩን የቆጠረው የለም።

አዘጋጅ ሆይ፣ አንዳንድ ደንበኛ ሁለት ሱሪ የሚወጣው ጨርቅ ይዞ ይመጣና «ሦስት አውጣልኝ» ይለኛል። መቁረጥ አቅቶኝ አይደለም እምቢ የምለው። ሦስት ይወጣዋል፤ መቀሱ አይከለክለኝም። ሦስቱንም የሚለብስ ሰው ግን የለም፤ አንዱ ሲቀመጥ ይቀደዳል፣ ሌላው ከጉልበት በላይ አይወጣም። ደንበኛው «ሦስት ሱሪ አለኝ» እያለ ለጎረቤቱ ሊያወራ ይችላል። እኛም እንደዚሁ በወረቀት ላይ ብዙ ሺህ መቀመጫ አለን።

ጎል ሲገባ የሚሆነውን ማየት ነው። ሁሉም በአንዴ ይነሳል፤ መነሳቱስ መልካም፤ ጉልበት ግን ከፊት ያለውን መደገፊያ እየመታ ነው የሚነሳው። ፊተኛው ሰው በደስታ መሐል ጀርባው ላይ ይመታና ለጠብ ይዞራል። ከዚያ ከየአቅጣጫው «ቁጭ በል!»፣ «ታኢ!»፣ «ፈዲሶ!» ይመጣል፤ በድሬ ሰው እንዲቀመጥ በሦስት ቋንቋ ይለመናል፤ በአማርኛም በኦሮምኛም በሶማልኛም ግን የሚቀመጥበት ቦታ ያው 42 ነው።

ኦቾሎኒ ሻጮቹስ? ድሮ በሰው መሐል እየተሹለከለኩ ይደርሱን ነበር። አሁን በረድፎቹ መካከል ድመትም አታልፍም። ስለዚህ ብሩ ከእጅ ወደ እጅ ወደ መተላለፊያው ይሄዳል፣ ኦቾሎኒው በእጅ ተቀባብሎ ይመጣል፣ መልሱም በዚያው ይከተላል። ባለፈው ከ50 ብር መልስ ጠብቄ እኔ ጋ የደረሰው አምስት ብር ጎድሎት ነው፤ ኦቾሎኒውም በየደረሰበት እጅ ሲቀመስ መጥቶ ወረቀቱ ሳስቷል። ማንን ልጠይቅ? አሥራ አንድ ሰው ነክቶታል። እዚህ ላይ ግን ልቆጣ አልቻልኩም፤ ከእድሳቱ በኋላ ያየሁት ብቸኛ መቀራረብ እሱ ነው።

የሚያስቆጣኝ ሌላ ነው። ከሰፈራችን አንድ አዛውንት አሉ፤ ሁላችንም «አባ» ነው የምንላቸው። በ1968 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ስታስተናግድ አንደኛው ምድብ የተጫወተው እዚሁ ድሬዳዋ ነበር፤ ናይጄሪያ፣ ሱዳን፣ ከሁለት ዓመት በፊት ዋንጫውን ያነሳችው ዛየር፣ በመጨረሻም ሻምፒዮን የሆነችው ሞሮኮ። እኚህ ሰው ያን ጊዜ ወጣት ነበሩ፤ የሞሮኮዎቹን አሯሯጥ ዛሬም ተነስተው በእግራቸው ያሳዩናል። ከዚያም ቀደም ብሎ የጥጥ ፋብሪካው ቡድን የኢትዮጵያ ሻምፒዮን እየሆነ ዋንጫውን ወደ ድሬ ያመጣ በነበረበት ዘመን በአባታቸው ትከሻ ላይ ሆነው ኳስ አይተዋል። እንዲህ ያለ ሰው ነው በሦስተኛው ሳምንት «ልጄ፣ እኔ እኮ ሬዲዮም ይበቃኛል» ያለኝ። ጉልበታቸው አይታጠፍም፤ ተዘርግቶ ነው የሚቀመጠው፤ ለተዘረጋ ጉልበት ደግሞ በዚያ ሜዳ ቦታ የለም። ሴት ልጄም ቀርታለች። የእርሷን ምክንያት ለመናገር ብዙ ቃል አያስፈልግም፤ 42 ሴንቲሜትር ላይ በሁለት የማታውቃቸው ወንዶች መሐል ተጣብቃ ሁለት ሰዓት መቀመጥ አትፈልግም። በተሽከርካሪ ወንበር የሚመጣ ሰው የት እንደሚውል ደግሞ ጨርሶ የታሰበ አይመስልም።

ወንበር በስታዲየም ውስጥ ለምን እንደተፈለገ መርሳት የለብንም። በ1989 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ሼፊልድ ከተማ፣ በሂልስቦሮ ስታዲየም፣ ሕዝቡ ቆሞ በሚያይበት ቦታ በደረሰው መጨናነቅ 97 የሊቨርፑል ደጋፊዎች ሞተዋል። ትልልቆቹ የእንግሊዝ ሜዳዎች ባለወንበር ብቻ እንዲሆኑ የተወሰነው ከዚያ አደጋ ምርመራ በኋላ ነው። ወንበር የመጣው ሰው ከሰው እንዳይጣበቅ፣ ለእያንዳንዱም የራሱ ቦታና የራሱ መውጫ እንዲኖረው ነበር። እኔ ግን በእረፍት ሰዓት ከረድፉ መሐል ተነስቼ መተላለፊያው እስክደርስ አሥራ ዘጠኝ ሰው አስነስቻለሁ፤ ወንበሩ የሚታጠፍ ስላልሆነ የተነሳውም ሰው ቆሞ ያው መንገድ ይዘጋል። ያን ጊዜ የምሄደው ወደ ሽንት ቤት ነበር። ሁላችንም በአንዴ መውጣት ቢኖርብንስ?

ማፍረስ አያስፈልግም። ብሎን የሚፈታ ቁልፍና ሁለት ቀን ይበቃል። በየረድፉ ከአምስት ወንበር አንዱ ይነሳና ቀሪዎቹ ይራራቁ፤ ትከሻ ትከሻን አይወጣም። በበሩ በኩል፣ አዛውንትና ልጅ ያላቸው ሰዎች በሚቀመጡበት ወገን፣ አንድ ረድፍ እየዘለሉ ማንሳት ነው፤ እግር ይዘረጋል። ለቀረው ገንዘብ ሲገኝ፣ ሰው ሲነሳ ራሱ ወደ ኋላ የሚታጠፈው ዓይነት መቀመጫ ይተካ። ቁጥሩ ይወርዳል፤ አዎ። አሁንም ቢሆን ያ ቁጥር ሞልቶ አላየሁም፤ የሞላ የሚመስለው ስለተጣበቅን ነው።

ማስረጃ ለሚፈልግ አንድ ነገር ልጠቁም። ከላይ፣ ከጥጉ በኩል፣ ወንበሩ ስላለቀ ይሁን ብሎኑ፣ ሦስት ደረጃ እንደ ድሮው ባዶ ሲሚንቶ ቀርቷል። ከሜዳው የራቀ ነው፤ አንዱ የማዕዘን ባንዲራም በምሰሶ ተጋርዶ አይታይም። ሆኖም ጨዋታው ሊጀመር አንድ ሰዓት ሲቀረው ያ ጥግ ይሞላል። ታች አዲሱ ወንበር ባዶ እያለ ሰው ላብ በላብ ሆኖ ወደዚያ ይወጣል። አባን ባለፈው እሑድ በብብታቸው ደግፈን ያወጣናቸው እዚያ ነው፤ ጉልበታቸውን ዘርግተው ጨዋታውን እስከ መጨረሻው አዩ። በሩ ላይ ያሉት ልጆችም ካርቶን መሸጥ ጀምረዋል፤ ዋጋው ከድሮው እጥፍ ሆኗል።

ልለካ የሚል ኃላፊ ካለ ሜትሬን ይዤ አብሬው እሄዳለሁ፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ሱቄ ክፍት ነው። ጨዋታ ባለበት እሑድ ግን አልገኝም፤ ከላይ ከጥጉ ነኝ።

አንድ ልብስ ሰፊ
ከመጋላ፣ ድሬዳዋ