ክሳትም ውፍረትም የሰውነትን መከላከያ ያዳክማሉ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በጤና አምዳችሁ የምግብ እጥረት ከድርቅ ጋር፣ ውፍረት ደግሞ ከከተማ ኑሮ ጋር ብቻ ተያይዘው ይቀርባሉ። ሁለቱም በሽታ የመከላከል አቅምን የሚያዳክሙ መሆናቸው ጎልቶ ስለማይነገር፣ እንደ ሕፃናት ነርስነቴ ይህን ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

ክፉኛ የከሳ ሕፃን የሳንባ ምች ይዞትም ላያተኩስ ይችላል፤ ሰውነቱ ለማተኮስ አቅም ስለሚያጣ ቆዳው ሲዳሰስ ይቀዘቅዛል፣ ለማልቀስም ጉልበት ያጣል፣ እናቱም «ዛሬስ ተመስገን፣ አርፎ ተኛልኝ» ትላለች። ከደረት አጥንት ጀርባ ያለው፣ ነጭ የደም ሕዋሳት የሚበስሉበት ታይመስ የተባለው ዕጢ ይኮማተራል፤ የአንጀቱ ግድግዳም ስለሚሳሳ ባክቴሪያ ወደ ደሙ ሊያልፍ ይችላል። የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ለሆነ ሕፃን፣ የሕመም ምልክት ባይታይበትም እንኳ፣ ከአልሚ ምግቡ ጋር አሞክሲሲሊን የተባለው ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት የሚታዘዘው በዚህ የተነሳ ነው። «ሳያተኩሰው መድኃኒት ለምኑ?» ብለው የሚያቋርጡ ወላጆችን ባየሁ ቁጥር አዝናለሁ፤ ጥፋቱ ግን በቅጡ ያላስረዳናቸው የእኛ የባለሙያዎቹ ነው።

ሰው ሲወፍር ደግሞ «ተመችቶታል» እንላለን። ሆኖም ስብ እንደ ጎተራ እህል ዝም ብሎ የሚቀመጥ ነገር አይደለም፤ ከመጠን ሲያልፍ ነጭ የደም ሕዋሳትን ወደ ራሱ እየሳበ ብግነት (የሰውነት መቆጣት) የሚቀሰቅሱ ኬሚካሎችን ስለሚያመነጭ፣ ሰውነት ተህዋስ ሳይገባበት ዓመት ከዓመት ሲቆጣ ይኖራል፣ እውነተኛው ተህዋስ ሲመጣም በአግባቡ መመከት ያቅተዋል። በኮቪድ ወቅት ከመጠን በላይ የወፈሩ ሕሙማን ይበልጥ የተጎዱበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር።

በሳንባ ነቀርሳ ረገድ ነገሩ ትንሽ ይለያል። ክሳት በቀጥታ ያጋልጣል፤ ውፍረት ብቻውን ባያጋልጥም፣ አብሮት የሚመጣው የስኳር በሽታ ግን ተጋላጭነቱን ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ያሳድገዋል። በሕንድ ጃርካንድ ግዛት ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ለሕሙማን ቤተሰቦች በየወሩ ምግብ ሲሰጥ በቤተሰቡ አባላት ላይ የሚከሰተው የሳንባ ነቀርሳ በ39 በመቶ ቀንሷል። ምግብ ያን ያህል በሽታን መከላከል ከቻለ፣ በእኛም አገር ለሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ቤተሰቦች ከመድኃኒቱ ጎን ምግብ እንዲታሰብ፣ የሕሙማኑም ክብደትና የደም ስኳር በየጤና ጣቢያው ሳይታለፍ እንዲለካ፣ ጋዜጣችሁ የሚመለከታቸውን ኃላፊዎች ጠይቆ መልሳቸውን ለአንባቢ እንዲያቀርብ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
አንዲት የሕፃናት ነርስ፣ ከአዲስ አበባ