ሀንትስቪል ልትገቢ ነው አሉኝ

ውድ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከረምሽ? እማማስ ደህና ናቸው? ስንት ዘመን ሳንጻጻፍ ቆየን! ወንድምሽ ደውሎ አላባማ፣ ሀንትስቪል ሥራ እንዳገኘሽ ሲነግረኝ በደስታ ጮህኩ። ከአትላንታ በመኪና ከግማሽ ቀን ያነሰ መንገድ ነው። ግን አንድ ነገር ሳልነግርሽ እንቅልፍ አይወስደኝም።

በእኛ አቆጣጠር የ2003ን ፋሲካ ታስታውሻለሽ? በማግሥቱ፣ ሰኞ፣ እዚህ የአሜሪካ ደቡብ ላይ ቶርናዶ የሚሉት የሚሽከረከር አውሎ ነፋስ መውረድ ጀመረ። እስከ ሐሙስ አላባራም። ወደ 360 ገደማ ነው የተቆጠረው፣ ረቡዕ ብቻ ከ200 በላይ። ከ300 የሚበልጥ ሰው አለቀ፣ አብዛኛው አላባማ ውስጥ። ቱስካሉሳ ከተማ የገባውን በቴሌቪዥን በቀጥታ አየሁት። ጥቁር ግድግዳ ነበር የሚመስለው። እየጠራረገ በርሚንግሃም ደረሰ። እሱ አንዱ ብቻ 64 ሰው ገደለ።

እስካሁን የሚያንገበግበኝ ግን የረቡዕ ጠዋቱ ነው። ትንበያው ቀደም ብሎ ተነግሯል። ሆኖም ጎህ ሳይቀድ የመጣው ማዕበል የብዙውን ሰው መብራት አጠፋ። ከሰዓት በኋላ ዋናው ሲመጣ ስንቱ ቴሌቪዥን የለው፣ ማስጠንቀቂያ አልደረሰው! የአንቺዋ ሀንትስቪልም የኤሌክትሪክ መስመሮቹ ወድቀው ለቀናት በጨለማ ተቀምጣለች።

ፊል ካምቤልና ሀክልበርግ ከሚባሉ የአላባማ ትንንሽ ከተሞች ቤቶች ንፋሱ ያነሳው ፎቶ ቴኔሲ ድረስ ሄዶ ወደቀ። የሰው ሠርግ፣ የሰው ሕፃን፣ በማያውቁት ሰው ግቢ! አንዲት የአላባማ ሴት ያገኘችውን ፌስቡክ ላይ ለጥፋ ባለቤቱን ፈለገች። ሌላውም ተከተላት። ብዙ ፎቶ ወደ ቤተሰቡ ተመለሰ። ቤቱ ለፈረሰበት ሰው ያ ምን ማለት እንደሆነ አስቢው።

አላስፈራሽም፣ አገሩ ደግ ነው፣ ሰዉም ይወደዳል። ብቻ በባትሪ የሚሠራ የአየር ሁኔታ ሬዲዮ ግዢ። ማታ የስልክሽን ማስጠንቀቂያ እንዳታጠፊ። ኪራዩ ረከሰ ብለሽ ተጎታች ቤት እንዳትገቢ፣ እነሱ ንፋስ አይችሉም። ቤዝመንት፣ ማለትም ከመሬት በታች ክፍል፣ ያለው ከተገኘ እሰየው። ከሌለ ምድር ላይ፣ መሀል ቤት፣ መስኮት የሌለው ክፍል ይኑረው፤ መታጠቢያ ቤትም ይሁን የልብስ ማስቀመጫ ክፍል። ጠንካራ ጫማና የብስክሌት ሄልሜት እዚያው አስቀምጪ።

ውል ከመፈረምሽ በፊት ደውይልኝ። መጥቼ ቤቱን አብረን እናየዋለን።

ናፋቂሽ