ይድረስ ለወይንሸት

ውድ ወይንሸት፣

እንደምን ከርመሻል? መልእክትሽ ሲደርሰኝ መጀመሪያ ደነገጥኩ፤ ከዚያ ደስ አለኝ። ማን ማንን እንደጠፋ ስንገናኝ እንከራከርበታለን፤ አሁን የልጅሽ ጉዳይ ይቅደም። ያቺ እሽኮኮ አደርጋት የነበረችው ልጅ ለዩኒቨርሲቲ ደረሰች!

«ስኮላርሺፑ ብዙ ነው፤ የቱን ትሞክር?» ብለሻል። እኔ ብሆን ከስሙ ዝና በፊት ገንዘቡ በምን ምክንያት እንደሚሰጥና የቱን ወጪ እንደሚሸፍን እጠይቃለሁ። በውጤት ወይም በልዩ ችሎታ ብቻ የሚሰጠው የወላጅን ኪስ አይመረምርም። በችግር መጠን የሚሰጠው ግን ገቢያችሁን በሰነድ አስደግፋችሁ እንድታሳዩ ይጠይቃል፤ ድጎማ የሚባለው በአብዛኛው ከዚህ ወገን ነው። ሁለቱም እንደ ብድር ተመልሰው አይከፈሉም።

ፉልብራይትና ቼቭኒንግ የሚባሉትን የአሜሪካና የብሪታንያ መንግሥታት ስኮላርሺፖች ሰምታ ልቧ ተነሥቶ ይሆናል። ለጊዜው ትተዋቸው፤ የመጀመሪያ ዲግሪ ላላቸው ናቸው። ቼቭኒንግማ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ከትምህርቱ በኋላም ወደ አገር ተመልሶ ሁለት ዓመት መቆየትን ያስገድዳል። የቱርክ መንግሥት የትምህርት ዕድል ግን ለመጀመሪያ ዲግሪም ክፍት ነው፤ ከትምህርት ክፍያው ሌላ ማደሪያ፣ ወርሃዊ ገንዘብና የአውሮፕላን ቲኬት ይሰጣል። ቋንቋውን ለማያውቅ አንድ ዓመት የቋንቋ ትምህርት ስለሚጨመር ዕድሜዋን ስታሰሉ አትርሱት።

አሜሪካ ካሰበች፣ ፔል ግራንት የሚሉት የፌዴራል ድጎማ በተማሪ ቪዛ ለሚሄድ የውጭ ተማሪ አይሰጥም። ለእሷ ዋናው ገንዘብ የሚገኘው ከዩኒቨርሲቲዎቹ ከራሳቸው ነው። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተንና ኤምአይቲ የውጭ ተማሪንም ሲቀበሉ የመክፈል አቅሙን አይመዝኑም፤ ከተቀበሉ ደግሞ ቤተሰብ የማይችለውን ይሸፍናሉ። መግባቱ ነው ጭንቁ።

የምፈራላችሁ ዩኒቨርሲቲው የሚሰጣትን ገንዘብ የሚዘረዝርበት የእርዳታ ደብዳቤ ሲመጣ ነው። ለምሳሌ ከታች «ጠቅላላ እርዳታ 20,000 ዶላር» ይላል እንበል። ወደ ላይ ስታነቢ 8,000 ስኮላርሺፕ፣ 4,000 ድጎማ፣ 3,000 በግቢ ውስጥ ሠርታ የምታገኘው፣ 5,000 ደግሞ ብድር ሆኖ ይገኛል። ስጦታው እንግዲህ 12,000 ብቻ ነው፤ ሌላው ላቧና ዕዳዋ ነው። ብድርን እርዳታ ብሎ መደመር ያናድደኛል፤ ግን ያደርጉታል። የትምህርት ክፍያ ብቻ ከሆነ የሚነሣው፣ ማደሪያው፣ ምግቡ፣ መጽሐፉና የጤና መድኑ በእናንተ ላይ እንደሚቀር ቁጠሩት።

ሁለተኛው ዓመትስ? ብዙዎቹ የሚታደሱት ውጤቷ ከተወሰነ ነጥብ በታች ካልወረደ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ብቻ ተሰጥቶ የሚያበቃም አለ። ከሌላ ድርጅት ተጨማሪ ስኮላርሺፕ ብታገኝ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲ የራሱን ድርሻ ይቀንስባታል፤ ስለዚህ አስቀድማ በጽሑፍ ትጠይቅ። «አሸንፈሻል፤ ማስፈጸሚያ ክፈይ» የሚላት ካለ ደግሞ መልስ እንኳ አትስጠው።

መምህራኖቿን የድጋፍ ደብዳቤ አሁኑኑ ትለምን፤ ቀነ ገደቡ ሲቃረብ የሚጻፍ ደብዳቤ ደረቅ ነው። የእርዳታ ደብዳቤ ሲደርሳት፣ ከመፈረሟ በፊት ቅጂውን ላኩልኝ፤ ቁጭ ብዬ እደምረዋለሁ።

የአንቺው ሂሩት