የባዮሎጂ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ የሳልመን ጫጩቶችና የአሞራ ገደል ዓሦች

ክበባችን በጥቅምት ወር ሥራውን ሲጀምር የዓመቱ ርእስ የሐዋሳ ሐይቅ ዓሦች እንዲሆኑ ተስማምተን ነበር። ርእሱን ያሰፋው አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ያነሣችው ጥያቄ ነው። ሐይቃችን መውጫ ወንዝ ስለሌለው ዓሦቹን ፈልገን አናጣቸውም፤ «ታዲያ መምህር፣ ከወንዝ ወርዶ ውቅያኖስ የገባ ዓሣ የት እንደ ደረሰ በምን ይታወቃል?» ስትል ጠየቀች። መልሱን ፍለጋ ሳልመን የተባለውን የፓስፊክ ውቅያኖስ ዓሣ ጫጩቶች ጉዞ ስናጠና ከረምን።

ሳልመን የሚፈለፈለው በወንዝ ነው። ወደ ባሕር ሊወርድ ሲቃረብ ገላው እንደ ብር ያብለጨልጫል፤ ቀድሞ ከወንዙ ውሃ ጨው ይስብ የነበረው ስንጥቡም በተቃራኒው ጨው ማስወጣት ይጀምራል። ከካናዳ ምዕራባዊ ጠረፍና ከዋሽንግተን ግዛት ወንዞች የሚወጡት ጫጩቶች አብዛኞቹ በበጋቸው ወራት ጥልቀት የሌለውን የባሕር ዳርቻ ይዘው ወደ ሰሜን፣ ወደ አላስካ ይጓዛሉ፤ ቅዝቃዜው ሲገባ ደግሞ ወደ ሰፊው ውቅያኖስ ይበተናሉ። ሆኖም ቺኑክ ከሚባለው ዝርያ ብዙዎቹ ከጠረፉ ሳይርቁ ስለሚያድጉ፣ ሁሉም በአንድ መንገድ ይሄዳል የሚለውን የመጀመሪያ ግምታችንን ማረም ነበረብን። በባሕር ውስጥ በሚያሳልፏቸው የመጀመሪያ ወራት እጅግ ብዙዎቹ ስለሚያልቁ፣ የዚያን ጊዜ መገኛቸውን ማወቅ ከዓመታት በኋላ ምን ያህሉ ወደ ወንዙ እንደሚመለሱ ለመገመት ይረዳል።

ተማሪዎቹን ከሁሉ የማረካቸው በዓሣው ራስ ውስጥ የሚገኘው የጆሮ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ዓሣው ሲያድግ በላይ በላዩ ቀለበት እየጨመረ ይሄዳል፤ በጫጩትነት ዘመን የየቀኑ ቀለበት ሳይቀር ይቆጠራል። የባሕር ውሃ ከወንዝ ውሃ የበለጠ ስትሮንቲየም የተባለ ንጥረ ነገር ስላለው ዓሣው ባሕር የገባበት ጊዜ በድንጋዩ ላይ ይታወቃል። በማርቢያ ጣቢያዎች ደግሞ የውሃውን ሙቀት እየለዋወጡ በፅንሱ ድንጋይ ላይ ሆነ ተብሎ መስመር ይሠራል፤ ጃፓን፣ ሩሲያ፣ ካናዳና አሜሪካ ምልክቶቻቸው እንዳይመሳሰሉ ስለሚነጋገሩ፣ በውቅያኖሱ መካከል የተያዘ ጫጩት ከየት አገር እንደ መጣ ይለያል።

በመጋቢት ወር በሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ሄደን፣ ዓሣ የሚያሰናዱት ወጣቶች በፈቃዳቸው የሰጡንን የቆሮሶ (ቲላፒያ) ዓሣ ራሶች ይዘን ተመለስን። ከ14 ራሶች ያለ ስብራት የወጡት ድንጋዮች 9 ብቻ ናቸው፤ ጥፋቱም የተማሪዎቹ ሳይሆን ወፍራም ወረንጦ ያቀረብሁት የእኔ ነው። በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ካለሰለስናቸው በኋላ በማይክሮስኮፕ ቀለበቶቹን አየን። እዚህ የውሃው ሙቀት ከወቅት ወቅት ያን ያህል ስለማይራራቅ፣ ቀለበቶቹ በብርድ አገር ዓሦች ላይ እንደሚታዩት አልጎሉም፤ ስለዚህ ዕድሜያቸውን በድፍረት አልጻፍንም። ይህን ጥንቃቄ የመረጡት ራሳቸው ተማሪዎቹ መሆናቸውን በደስታ እመሰክራለሁ።

የሳልመን የቅርብ ዘመድ የሆነው ቀስተ ደመናማው ትራውት ከውጭ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞች ይኖራል። ዕድሜውን ሙሉ ከወንዝ ያልወጣ የዚህ ዓሣ ድንጋይ የባሕር ምልክት እንደማይኖረው ተማሪዎቹ አስቀድመው በመዝገባቸው ጽፈዋል፤ ለቀጣዩ ዓመትም ቀጭን ወረንጦ ተገዝቷል።