ነጭ የደም ሕዋስ ሲቀንስ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣ ጅማ

እማዬ፣ እንደምን አለሽልኝ? ስለ ጎረቤታችን «ኢንፌክሽኑ ደሟ ውስጥ ገብቷል ካሉ ነጭ የደም ሕዋሷ ለምን ቀነሰ?» ያልሽኝን በስልክ ተቻኩዬ ከምመልስ ብዬ ጻፍኩልሽ።

ጤነኛ ሰው በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ ከ4,000 እስከ 11,000 ገደማ ነጭ ሕዋስ አለው። አብዛኞቹ ባክቴሪያ ውጠው የሚገድሉ ኒውትሮፊሎች ናቸው። ኢንፌክሽን ሲነሳ መቅኔ ያከማቸውን ይለቅና ቁጥሩ ይጨምራል። ሰውነት ለኢንፌክሽን በሚሰጠው ያልተስተካከለ ምላሽ የራሱን አካል በሚጎዳበት በሴፕሲስ ጊዜ ግን ሕዋሳቱ ከደም ስር ግድግዳ ጋር ይጣበቃሉ፣ ወደ ሳንባና ወደ ሌላ አካል ይገባሉ፤ መቅኔ መተካት ሲያቅተው ቁጥሩ ይወርዳል። ስለዚህ ከ4,000 በታች መውረዱ ከ12,000 በላይ ከመውጣቱ ያላነሰ ያስፈራል። መቅኔው ሲጨነቅ ያልበሰሉትንም ይልካል፤ ቀዩን ቡና ከአረንጓዴው ጋር እንደመልቀም ነው። እነዚህ ከ10 በመቶ ካለፉ ጠቅላላ ቁጥሩ ደህና ቢመስልም አትመኚው።

ባክቴሪያውም ለየራሱ ነው። ከሽንት ቱቦ የሚነሳው ኢ. ኮላይ ሽፋኑ ላይ ኢንዶቶክሲን የሚባል መርዛማ ነገር አለው፤ ሕዋሳቱ ቲኤልአር4 በተባለው ተቀባያቸው ይለዩታል። ስታፊሎኮከስን በዋናነት በቲኤልአር2 ያውቁታል፣ እሱ ግን ነጭ ሕዋስን በስቶ የሚገድል መርዝ ያመነጫል። ኒሞኮከስ በወፍራም ሽፋኑ ከመዋጥ ያመልጣል። የታይፎይዱ ሳልሞኔላ ደግሞ በዋጠው ሕዋስ ውስጥ ስለሚኖር ብዙ ጊዜ ቁጥሩን አያስጨምርም።

የትኛው እንደሆነ ግን ቁጥር አይነግርም፤ የደም ካልቸር፣ ማለትም ደሙ ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ በላቦራቶሪ አሳድጎ የሚለይ ምርመራ፣ ያስፈልጋል። አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ከሁለት ቦታ፣ በየጠርሙሱ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ይቀዳል። ደሙ ካነሰ ባክቴሪያው ሊያመልጥ ይችላል፤ ቆዳው በደንብ ካልጸዳ የቆዳ ባክቴሪያ ገብቶ ያሳስታል። ከፋርማሲ የተገዛ አሞክሲሲሊን ቀድሞ ከተዋጠም ባዶ ሊወጣ ይችላል። ሆኖም በሽተኛው አስጊ ከሆነ ለካልቸር ሲባል መድኃኒት አይዘገይም።

እማዬ፣ በአንቺ ዕድሜ ትኩሳት ላይመጣ ይችላል፤ እንዲያውም ሙቀቱ ከ36 በታች ሊወርድ ይችላል። ድንገት መዘባረቅ፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ፣ ሽንት መቀነስ፣ እጅና እግር መቀዝቀዝ ካየሽ፣ ባንቺም ይሁን በሌላ ሰው፣ እስኪነጋ አትጠብቂ፤ ባጃጅ ጠርተሽ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። የተዋጠ መድኃኒት ካለ ማሸጊያውን ይዘሽ ለሐኪሙ አሳዪው።

ልጅሽ