ስለ ቼስተሩ «ዋሻ» ለደንበኞቻችን

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰላምታችን ባላችሁበት ይድረሳችሁ። ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ እንግሊዝ አገር ካለችው ከቼስተር ከተማ ጉብኝታችን አንድ ታሪክ ስላወጣን ነው። ታሪኩን ወዳችሁት እንደነበር እናውቃለን፤ እኛም ስንተርከው ደስ ይለን ነበር። ነገር ግን የምናረጋግጥበት ነገር አጣን።

ከእኛ ጋር የሄዳችሁ ታስታውሱታላችሁ። ኢስትጌት መንገድ ላይ ቆም እንልና ድምፃችንን ዝቅ አድርገን «አሁን ከእግራችሁ ሥር ከካቴድራሉ ተነሥቶ እስከ ወንዙ የሚሄድ ዋሻ አለ፤ መነኮሳት ይሸሹበት ነበር» እንላችኋለን። ልጆች ድንጋዩን በጫማቸው ይደበድባሉ፣ ትልልቆቹም ዝም ይላሉ። ባለፈው ሰሞን ግን አንዲት እናት አስጎብኚያችንን «እሺ ልጄ፣ በሩ በየት በኩል ነው?» ብለው ጠየቁት። አስጎብኚው መልስ አልነበረውም። እሱ ታሪኩን ከእሱ በፊት ከነበረው አስጎብኚ ሰምቶታል፤ ያኛው ደግሞ ከሌላ ሰው። እኛም ወደ ኋላ እየተከተልን ሄደን ሄደን የደረስነው «ይባላል» ላይ ነው። ከ«ይባላል» ወዲያ ማንም የለም።

ፍለጋው ግን ባዶ እጃችንን አልመለሰንም። ወሬው ሥር ሊኖረው ይችላል ብለን መጻሕፍት ስናገላብጥ ራኑልፍ ሂግደን የሚባል መነኩሴ አገኘን። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ዛሬ ካቴድራል በሆነው በቅድስት ዌርበርግ ገዳም ኖሮ የዓለምን ታሪክ በላቲን የጻፈ ሰው ነው። ስለ ራሱ ከተማ ሲናገር፣ ከምድር በታች በቅስት ድንጋይ በጥበብ የተሠሩ መንገዶች እንዳሉና የጥንት ሰዎች ስም የተቀረጸባቸው ትላልቅ ድንጋዮች እንደሚገኙ ይጠቅሳል። በድንጋዮቹ ጉዳይ አልተሳሳተም፤ የሮማውያን የመቃብር ድንጋዮች ከከተማዋ ቅጥር ውስጥ በብዛት ወጥተው ዛሬ በግሮቭነር ሙዚየም ተደርድረዋል። «መንገዶች» ያለው ግን የሮማውያንን የፍሳሽ ቦይ ይሁን ወይም የነጋዴዎቹን ምድር ቤት፣ አንባቢው ሁሉ የየራሱን ይተረጉማል። መነኮሳት የሚሸሹበት ዋሻ ግን አላለም። እሱን የጨመርነው እኛና መሰሎቻችን ነን።

እዚህ ላይ የራሳችን ቋንቋም አሳስቶን እንደሆነ አንደብቃችሁም። «ምድር ቤት እናሳያችኋለን» ስንል ግማሾቻችሁ ከፎቅ በታች መሬት ላይ ያለውን ቤት ትረዳላችሁ፣ ግማሾቻችሁ ደግሞ ቤዝመንት ይመስላችኋል። ቼስተር ላይ ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ፤ የከተማዋ ዋናው ጉድም ይኸው ነው።

ዋተርጌት፣ ኢስትጌት ወይም ብሪጅ መንገድ ላይ ቆማችሁ ወደ ጎን ብትመለከቱ ሁለት ሱቅ አንዱ በአንዱ ላይ ተደርቦ ታያላችሁ። የታችኛው ብዙውን ጊዜ ከመንገዱ ጥቂት ደረጃ ወርደው የሚገቡበት ነው። ከጎኑ ያለውን ደረጃ ስትወጡ ደግሞ በታችኛው ሱቅ ጣሪያ ላይ የሚሄድ ረጅም መተላለፊያ ታገኛላችሁ። በውስጥ በኩል ሌላ ረድፍ ሱቅ አለ፤ በላይ ያለው ፎቅ ወደ መንገዱ ወጣ ብሎ መተላለፊያውን ይከድነዋል፤ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ዝናብ ሳይነካችሁ ትሄዳላችሁ። ሮውስ የሚባለው ይኼ ነው። በመተላለፊያውና በመንገዱ መካከል ተዳፋት የሆነ የእንጨት መደብ አለ። መደብ ስንል በገበያ ቋንቋ ነው፣ ነጋዴ ዕቃውን የሚዘረጋበት ማለታችን። ተዳፋት የሆነውም ወደ ታችኛው ሱቅ የሚወርደው ሰው ጭንቅላቱን እንዳይመታ ከሥሩ ቦታ ለመስጠት ነው። እኛ ለዓመታት በዚህ መደብ አጠገብ ስናልፍ አንድ ቀን እንኳ አላሳየናችሁም፤ ወደ ዋሻው እየተቻኮልን ነበር።

ቤቶቹ ለምን እንዲህ ተሠሩ ለሚለው ምሁራን እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ከተማዋ የተቀመጠችው በቀይ የአሸዋ ድንጋይ ላይ ነው፤ ዐለቱም ከመሬቱ ፊት ብዙ አይርቅም። ወደ ታች ለመቆፈር ስለሚያስቸግር ምድር ቤቱን ግማሹን ከመሬት በላይ አወጡት የሚሉ አሉ። ሌሎች ደግሞ የሮማውያን ሕንጻ ፍርስራሽ ከመንገዱ በስተ ኋላ ያለውን መሬት ከፍ አድርጎት ስለነበር፣ ከፊት ሲገቡ ከምድር በታች የሆነው ቤት ከኋላ ሲመጡ ጣሪያው ከመሬት እኩል ይሆናል ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ1278 ከተማዋን ያወደመውን ቃጠሎ የሚጠቅሱም አሉ፤ ሰው እንደ አዲስ ሲሠራ በአንድ ዓይነት ሠራ ማለታቸው ነው። ንጉሥ ኤድዋርድ 1ኛ በ1277 እና በ1282 ዌልስን ለመውጋት ሲዘምት ቼስተር መነሻው ስለነበረች በዚያ ዘመን ገንዘብም ባለሙያም ወደ ከተማዋ ጎርፏል። እኛን ይበልጥ የሚያሳምነን የዐለቱና የፍርስራሹ ነገር ነው። ቃጠሎ የደረሰበት ከተማ ብዙ ነው፤ እንዲህ ያለ መንገድ ያለው ግን ሌላ አላየንም።

ምድር ቤቶቹ ውስጥ ስትገቡ ሁሉም ቅስት ያለው እንዳይመስላችሁ። አብዛኛው ጣሪያው ኦክ ከሚባለው ጠንካራ እንጨት የተሠራ ወፍራም አግዳሚ ነው፤ አንዳንዱም ቀለምና የሱቅ ጌጥ ስለሸፈነው ቀና ብሎ ማየት ይጠይቃል። ገንዘብ የነበረው ግን በድንጋይ ያሠራ ነበር። ድንጋይ እሳት ቶሎ አይበላውም፤ በሞቃቱ ወራትም ይቀዘቅዛል። ከፈረንሳዩ ጋስኮኝ በመርከብ መጥቶ በዲ ወንዝ በኩል ለሚገባው የወይን ጠጅ ከዚህ የተሻለ ማደሪያ አልነበረም። ዋተርጌት መንገድ ቁጥር 11 ሥር ያለውን ያየ ሰው አይረሳውም፦ መሐል ለመሐል የቆሙ ባለ ስምንት ጎን ዓምዶች ክፍሉን ለሁለት ይከፍሉታል፣ ቅስቱም ከእነሱ ላይ እንደ ቅርንጫፍ ይዘረጋል። ኢስትጌት መንገድ ቁጥር 28 ሥር ደግሞ የድንጋይ ጎድን አጥንት የመሰለ ቅስት አለ፤ ክሪፕት ይሉታል፣ የቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት እንደማለት፤ ቤተ ክርስቲያን ግን አይደለም። ብሪጅ መንገድ ላይ ፊቱ ላይ 1664 የሚል ዓመት የተጻፈበት ኩፐር ሀውስ የሚባል ቤት አለ፤ ሥሩ ያለው ቅስት ግን ከቤቱ ብዙ መቶ ዓመት ይበልጣል።

በነገራችን ላይ፣ ስልካችሁን አውጥታችሁ የምታነሷቸው ጥቁርና ነጭ ፎቆች አብዛኞቹ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ናቸው። ይኼንንም ቀደም ብለን ግልጽ አድርገን አልነገርናችሁም።

ከነጋዴዎቹ ሥር ደግሞ ሮማውያን አሉ። የመሐል ከተማዋ ዋና ዋና መንገዶች እ.ኤ.አ. በ70ዎቹ በተመሠረተው፣ ዴቫ በሚባለው የሮማውያን የጦር ሠፈር ውስጥ የነበሩትን መንገዶች መሥመር ይዘው ይሄዳሉ። እ.ኤ.አ. በ79 የተሠራ፣ የብሪታንያ አገረ ገዢ የነበረው የአግሪኮላ ስም ያለበት የእርሳስ የውኃ ቧንቧ ተገኝቷል። ብሪጅ መንገድ ቁጥር 39 ባለው ሱቅ ቤዝመንት ውስጥ የወታደሮቹ መታጠቢያ ቤት ቅሪት አለ፦ በአጫጭር የድንጋይ ዓምዶች ላይ የተነሣ ወለል ነው። ከውጭ ምድጃ ይነድዳል፣ ትኩሱ አየር በዓምዶቹ መካከል እየተሽሎኮሎከ ወለሉን ከሥር ያሞቀዋል። ሃይፖኮስት ይባላል። ኖርዝጌት መንገድ ላይም እንዲሁ በሱቅ ምድር ቤት ውስጥ የጦር ሠፈሩ ዋና ጽሕፈት ቤት የዓምድ መሠረቶች ይገኛሉ።

ያ የብሪጅ መንገዱ ቅሪት የአንድ ትልቅ መታጠቢያ ቁራሽ ነው። የቀረው አብዛኛው ክፍል እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የገበያ ማዕከል ሲሠራ ፈረሰ። ሺህ ዘጠኝ መቶ ዓመት ገደማ የቆየ ግንብ በማሽን ተነሣ። እኛም በዚያው መንገድ በየሳምንቱ እያለፍን ይኼን ትተን መኖሩን ስለማናውቀው ዋሻ ስናወራ ኖርን። ከሁሉም የሚያሳፍረን ይኼ ነው።

ስለዚህ ከአሁን በኋላ ጉብኝቱ እንዲህ ነው። ዋሻ አይኖርም፤ በራሪ ወረቀታችን ላይ የነበረውን «ምስጢራዊቷ የምድር ውስጥ ከተማ» የሚለውንም አንሥተናል። ምድር ቤቶቹ የግል ሱቅና ምግብ ቤት ስለሆኑ አንዱ ተዘግቶ ቢገኝ ወይም ባለቤቱ «ዛሬ አይመቸኝም» ቢል ማስገደድ አንችልም፤ የምናስገባችሁ ሲፈቀድልን ብቻ ነው። በዚህም ምክንያት ቡድኑን ወደ ስምንት ሰው ዝቅ አድርገነዋል። ሃያ ሰው አንድ ትንሽ ሱቅ ውስጥ ሲገባ ባለሱቁ ምን እንደሚሰማው ብዙ ጊዜ በፊቱ ላይ አንብበናል። ገብታችሁ ዕቃ ግዙ የሚላችሁ የለም፤ ነገር ግን ግድግዳውን በእጅ አትደባብሱ፤ የአሸዋ ድንጋይ ለስላሳ ነው፣ በየቀኑ የሚነካካው እጅ ይሸረሽረዋል።

ደረጃዎቹ ብዙ ናቸው፤ አንዳንዶቹም ሰው ስለረገጣቸው መሐላቸው ጎድጉዷል። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናቶችና አባቶች አስቀድማችሁ ብትነግሩን መንገዱን ሳይወርዱና ሳይወጡ ብዙ በሚታይበት በኩል እናዞረዋለን። የግሮቭነር ሙዚየምን የመቃብር ድንጋዮች ጨምረናል፤ ሂግደን የጻፈው ስለ እነዚህ መሰሎቹ ነውና። የዕለቱ ጉብኝትም በዚህ ምክንያት ግማሽ ሰዓት ያህል ይረዝማል።

ባለፈው ጊዜ ለዋሻው ብላችሁ ከፍላችሁ የነበራችሁ፣ አዲሱን ጉብኝት ያለ ክፍያ መምጣት ትችላላችሁ። ስማችሁ መዝገባችን ላይ ስላለ ደረሰኝ አንጠይቅም። በሩን የጠየቁን እናትም ከነቤተሰባቸው ተጋብዘዋል፤ አስጎብኚያችን ራሱ ደውሎ ይቅርታ ጠይቋቸዋል፣ እሳቸውም ሥቀውበታል።

የምንገናኘው እንደ ድሮው መስቀሉ ጋ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት ተሰባብሮ እ.ኤ.አ. በ1975 እንደገና የቆመው የድንጋይ መስቀል ነው፤ አራቱ መንገዶች የሚገናኙት እዚያ ስለሆነ አትስቱትም። ጫማችሁ የማያንሸራትት ይሁን። ዝናብ ከመጣ ቀድማችሁ ሮውስ ላይ ውጡና ጠብቁን፣ እኛ ፈልገን እናገኛችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ አስጎብኚዎች