ይድረስ ለአባባ፦ ስለ አራቱ ድምፆች

ይድረስ ለተወደዱት አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? የአዲስ አበባ ብርድ ሲበረታ ጉልበትዎን እንደሚያምዎ እህቴ ነግራኛለችና፣ ማታ ማታ ደጅ እንዳይቀመጡ አደራ እላለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ቤቱም ደህና ነው፤ የግቢው ኒም ዛፍ ከቆርቆሮው በላይ ወጥቶ ጥላው እስከ በሩ ይደርሳል። የድሬዳዋ ሙቀት ግን እንደሚያውቁት ነው፤ ቀን ቀን ሥራ ስለማያሠራ ኖታዬን ይዤ የምቀመጠው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ፣ ከደቻቱ ወንዝ በኩል ትንሽ ነፋስ መምጣት ሲጀምር ነው።

ባለፈው እሑድ በስልክ የጠየቁኝን ሳልመልስልዎ መስመሩ ተቋረጠ። «ዜማ ከልብ የሚወጣ ነገር ነው፤ ሕግ ምን ያደርግለታል? ደግሞስ ሁለት ድምፅ ጎን ለጎን እኩል ቢሄድ ምን ክፋት አለው? ሁለቱ ሀዲድ እኩል ካልሄደ ባቡሩ ይወድቃል» ብለውኝ ነበር። በምድር ባቡር ዕድሜዎን ሙሉ የሀዲዱን ስፋት አንድ ሜትር መሆኑን ሲለኩ የኖሩ ሰው ስለሆኑ፣ ጥያቄው ከእርስዎ መምጣቱ ተገቢ ነው። እኔም መልሱን በስልክ ከማጣድፈው ይልቅ ቁጭ ብዬ ልጽፍልዎ ወደድሁ።

አንድ ዜማ ለአራት ድምፅ ሲጻፍ ከላይ ሶፕራኖ፣ ቀጥሎ አልቶ፣ ከሥሩ ቴነር፣ ከሁሉም በታች ቤዝ ይሆናል። አራቱ በአንድ ጊዜ የሚያሰሙት ኮርድ ይባላል፤ መምህሬ «የድምፅ አመራር» የሚሉት ደግሞ ከአንዱ ኮርድ ወደ ሌላው ሲታለፍ እያንዳንዱ ድምፅ በየትኛው መንገድ እንደሚሄድ የሚያስተምረውን ዕውቀት ነው። ብዙ ጀማሪ፣ እኔም ጭምር፣ ኮርዶቹ ትክክል ከሆኑ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል።

የመጀመሪያ ሥራዬ ስምንት ባር፣ ማለትም ዜማው በኖታ ላይ የሚከፈልባቸው ስምንት እኩል ክፍሎች፣ ብቻ ነበር። በኪቦርድ ስጫወተው ያምር ስለነበር ደስ ብሎኝ ወደ መምህሬ ቤት ይዤው ሄድሁ። እርሳቸው ወረቀቱን አይተው ምንም ሳይናገሩ ቤዙን በግራ እጃቸው መጫወት ጀመሩና፣ እኔን ቴነሩን ብቻ እንድዘምር አዘዙኝ። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ ከሚባሉት ሰባት ኖታዎች፣ በዶ ላይ ከቆመው ኮርድ በፋ ላይ ወደ ቆመው ስሻገር የእጄን ቅርጽ ሳልለውጥ እንዳለ ወደ ቀኝ አንሸራትቼው ኖሮ፣ ቤዙ ከዶ ወደ ፋ ሲወጣ ቴነሩም ከሶል ወደ ላይኛው ዶ ዘለለ። ስዘምረው፣ የያዝሁት ድምፅ የራሱ መንገድ እንደሌለውና የቤዙ ጥላ ሆኖ እንደሚከተለው ወዲያው ተሰማኝ። ያን ጊዜ ቀይ እስክሪብቶ አንሥተው ከዶና ከሶል ወደ ፋና ወደ ዶ ሁለት መስመር አሰመሩና «እዚህ ላይ አንድ ሰው ጠፍቷል» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምጽፈውን እያንዳንዱን መስመር ለብቻው ሳልዘምር አልተውም።

ምክንያቱ በተወጠረ ክር ላይ ይታያል። ሙሉው ክር ሲመታና ግማሹ ላይ ተይዞ ሲመታ የሚሰሙት ሁለት ድምፆች በኦክታቭ የሚራራቁ ናቸው፣ ይኸውም ከዶ እስከ ላይኛው ዶ ያለው ርቀት ነው፤ ንዝረታቸው 2 ለ 1 ነው። ከክሩ ከሦስት እጅ ሁለቱ እጅ ብቻ እንዲመታ ቢደረግ ደግሞ ከሙሉው ክር አምስተኛ ርቀት ላይ፣ ማለትም ዶን አንድ ብሎ ሲቆጠር ሶል እንደሚገኝበት አምስተኛው ኖታ ላይ፣ ያለው ድምፅ ይገኛል፤ ይኸኛው 3 ለ 2 ነው። ዝምድናቸው ይህን ያህል ቅርብ ስለሆነ ጆሮ ሁለቱን አዋሕዶ መስማት ይቀናዋል። በአንድ ቦታ ላይ ቢገናኙ ኮርዱን ያጸኑታል እንጂ አይጎዱትም፤ ተያይዘው ወደ አንድ አቅጣጫ መሄድ ሲጀምሩ ግን ሁለት መሆናቸው ይቀርና እንደ አንድ ወፍራም ድምፅ ይሰማሉ። በተከታታይ ኦክታቭና በተከታታይ አምስተኛ መሄድ የተከለከለው በዚህ ምክንያት ነው። ሦስተኛ ወይም ስድስተኛ ርቀት ተከታትሎ ቢሄድ አይከለከልም፤ ውሕደቱ እንደዚያ የጠበቀ አይደለም፣ ርቀቱም አንዴ ሰፋ አንዴ ጠበብ ስለሚል ሁለቱ ድምፆች ተለይተው ይሰማሉና።

እንግዲህ ስለ ሀዲዱ። አባባ፣ ሁለቱ ሀዲዶች የሚሠሩት አንድ ሥራ ነው፤ የሚሸከሙት አንድ ባቡር ነውና እኩል መሄዳቸው ግድ ነው። በቤተ ክርስቲያንም ሽማግሌው መሪጌታ በወፍራም ድምፃቸው፣ ሕፃኑ ዲያቆን በቀጭኑ ድምፁ የቅዱስ ያሬድን ዜማ አብረው ሲያዜሙ በኦክታቭ ተራርቀው እኩል ይሄዳሉ፤ ይህን ስህተት የሚል የለም፣ ዜማው አንድ እንዲሆን ተፈልጓልና። ማሲንቆውም ዘፋኙን ሲከተል እንዲሁ ነው። ሕጉ የሚሠራው አራት ሰዎች በአንድ ጊዜ አራት የተለያየ ነገር እንዲናገሩና እርስ በርሳቸው እንዲደማመጡ ሲፈለግ ነው። እዚያ ላይ ሁለቱ ቢዋሐዱ አድማጩ አራት ሲጠብቅ ሦስት ይሰማል።

ያንኑ የዶና የፋ ማለፊያ እንዴት እንዳቃናሁት ላሳይዎ። ዶ በሁለቱም ኮርዶች ውስጥ ስላለ ለቴነሩ ሰጠሁትና ካለበት ሳይነቃነቅ ቆየ። አልቶው ከሚ ወደ ፋ፣ ሶፕራኖው ከሶል ወደ ላ አንዳንድ እርምጃ ብቻ ከፍ አሉ። ቤዙን በፊት ወደ ላይ አውጥቼው ነበርና አሁን ከዶ ወደ ታችኛው ፋ አወረድሁት፤ ላይኞቹ ሲወጡ እርሱ ወረደ። ኮርዶቹ የቀድሞዎቹ ናቸው፤ የተለወጠው መንገዱ ብቻ ነው። መስመሩ አንድ ብቻ በነበረበት ጊዜ አንዱ ባቡር በጣቢያ ቆሞ ሌላው በጎኑ ሲያልፍ ሾፌሮቹ ሰላምታ ይለዋወጡ እንደነበር ይነግሩን የነበረው ትዝ አለኝ፤ የቆመው ቴነር ለሚያልፉት ሦስቱ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ይህ ትምህርት የቆየ ነው። ዮሃን ዮሴፍ ፉክስ የተባለው የቪየና ሙዚቀኛ እ.ኤ.አ. በ1725 በመምህርና በተማሪ ጭውውት መልክ በላቲን ጻፈው፤ ሃይድን በወጣትነቱ በራሱ ጊዜ አጠናው፣ ኋላም ቤትሆቨንን ሲያስተምር በዚያው ተጠቀመ። መምህርና ደቀ መዝሙር ተቀምጠው በጥያቄና መልስ መሄዳቸው የእኛን የቆሎ ትምህርት ቤት ስለሚያስታውሰኝ እንግዳ አልሆነብኝም።

አሁን ወደ ልቤ ጉዳይ ልምጣ። ከሥራ ሲመለሱ በኒሙ ሥር እግርዎን እየታጠቡ ያዜሙት የነበረውን፣ ግጥም የሌለውን ዜማ ለአራት ድምፅ እየጻፍሁት ነው። ቅኝቱ ትዝታ ነው፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ሥራውን ስጀምር የተማርኋቸው ሕጎች ግማሾቹ የሚይዙት አጡ። በሕጉ ሲ ወደ ዶ መውጣት አለበት፣ ከሶል ኮርድ ጋር የሚመጣው ፋ ደግሞ ወደ ሚ መውረድ አለበት፤ ነገር ግን ትዝታ ውስጥ ሲም ፋም የሉም። ዶ፣ ሚ፣ ሶል እና ላ፣ ዶ፣ ሚ ከሚባሉት ከሁለቱ በቀር ሙሉ ሆኖ የሚቆም ባለ ሦስት ኖታ ኮርድም አይገኝበትም። ለባቲ ቢሆን፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ የሚለውን ስለያዘ፣ ሲ ወደ ዶ ይስብ ነበር።

የጎደሉትን ኖታዎች ከውጭ አምጥቼ ልሞላ ሞክሬ ነበር። ሕጉ ተሟላ፣ ዜማው ግን የእርስዎ መሆኑ ቀረ፤ ስለዚህ አጠፋሁት። ሕጎቹን አንድ በአንድ ስመረምር፣ ከጆሮ የመጡት ትዝታ ውስጥም እንደሚሠሩ፣ ከሌላ ቅኝት የመጡት ግን እዚህ ቦታ እንደሌላቸው ተረዳሁ። በትዝታ ከሚ ቀጥሎ ያለው ጎረቤት ሶል ነው፣ ከላ ቀጥሎ ያለው ዶ ነው፤ በሌላ ቅኝት ዝላይ የሚባለው እዚህ አንድ እርምጃ ነው። ይህን ስቀበል መስመሮቹ ተፈቱልኝ። የሚፈትነኝ ዶና ሶል፣ ሬና ላ፣ ሶልና ሬ፣ ላና ሚ በአምስተኛ ተጣምረው እጅ በእጅ ለመሄድ የሚጋብዙ መሆናቸው ነው። በዚህ ላይ ጨክኜ፣ አንዱ ሲወጣ ሌላው እንዲወርድ እያደረግሁ አሥራ ሁለት ባር ጻፍሁ። ሦስት የሰፈር ልጆች አብረውኝ ይዘምራሉ፤ ቤዙ የባጃጅ ሾፌር ነው፣ ማታ ባጃጁን በር ላይ አቁሞ ይመጣል። እኔ አልቶውን ይዣለሁ። አልቶን የሚያስተውል አድማጭ ጥቂት ነው፤ ሆኖም አሥራ ሁለቱንም ባር የሚወጣ የሚወርደውን መሐል ሆኜ ስለምሰማ ከሌላው ሁሉ ይልቅ እርሱን ወደድሁት።

የመጨረሻዎቹን አራት ባሮች ግን አራታችንም በአንድ ዜማ፣ ወንዶቹ በታችኛው እኛ በላይኛው ኦክታቭ፣ እኩል እንድንሄድ አድርጌ ጽፌዋለሁ። መምህሬ ቀዩን እስክሪብቶ አንሥተው አዩትና፣ ምክንያቱን ጠይቀውኝ የእርስዎን ነገር ስነግራቸው፣ ሳያሰምሩበት መለሱልኝ።

አንድ ችግር አለብኝ። የዜማው ሦስተኛ ሐረግ መጨረሻው ላይ በአንዱ ትዝታዬ ወደ ዶ ይወጣል፣ በሌላው ላ ላይ ይቀራል። ላ ላይ ከቀረ ቤዙን መለወጥ አለብኝ፣ አልቶውም አብሮ ይለወጣል። እባክዎን እህቴ ከሥራ ስትገባ ስልኳን አጠገብዎ ታስቀምጥልዎና ከመጀመሪያው ጀምረው አንድ ጊዜ ያዚሙልኝ። ትንፋሽ ቢያጥርዎ እያረፉ ይሁን፤ የሚያርፉበትንም ቦታ ማወቅ እፈልጋለሁ። ሐሙስ ማታ ልምምድ አለን፤ እስከዚያ ቢደርስልኝ ያንኑ ሌሊት እጽፈዋለሁ።

ልጅዎ፣ ከድሬዳዋ